«አሪፍ ነው» ብሎ ዝም

ሰላም ናችሁ የዓምዱ ቤተሰቦች! ባለፈው እትም ስለ መጽሐፍ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ያቺ ሁለት መስመር ይህን ሁሉ ደብዳቤ ትጎትታለች ብዬ አላሰብኩም። አብዛኛው ከጎንደራችን ወጣቶች ነው፤ ከማራኪ፣ ከአዘዞ፣ ከፒያሳ። አንድ አባት ደግሞ ሰድበውኛል። ለእሳቸውም መልስ አለኝ፤ ትንሽ ይታገሱኝ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስም እንደ ሁልጊዜው አላወጣም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? እኛ ሰባት ልጆች ነን። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰን ውጤት እየጠበቅን ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት አንዳችን ቤት እንሰበሰብና ስላነበብነው መጽሐፍ እናወራለን። ማለቴ፣ እናወራለን ብለን ነበር የጀመርነው። የሚሆነው ግን ይሄ ነው፦ አንዱ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርካል፣ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ከዚያ «እንዴት ነበር?» ሲባል ሁሉም «አሪፍ ነው» ይልና ዝም። ከዚያ ቡና ይቀርባል፣ ከዚያ የኳስ ወሬ ይጀመራል። ባለፈው ሁለቱ ቀሩ። እንዳንበተን ፈራሁ። ምን ይሻላል?
ዝምታው የከበዳት፣ ከማራኪ

መልስ፦ የኔ አበባ፣ መጀመሪያ ትረካውን አስቁሙት። ልጁ ጥፋት የለበትም፤ እኛ አስተማሪዎቹ ነን ያስለመድነው። «የመጽሐፉን ታሪክ በአጭሩ ጻፉ» እያልን ስንት ዓመት አደከምናችሁ። እኔ ራሴ ከሃያ ዓመት በላይ አማርኛ ሳስተምር በቀይ እስክሪብቶ ያረምኩት ሁሉ «በአጭሩ» ነው። ነገሩ ግን አይሠራም። ያነበበው ሰው ይሰለቻል፣ ያላነበበው ደግሞ መጨረሻውን ከሰማ በኋላ ምን ቆርጦት ያነባል?

እንዲህ አድርጉ። እያንዳንዱ ሰው ከመጽሐፉ አንድ ቦታ ብቻ ይዞ ይምጣ። አንድ ገጽ፣ ቢበዛ ሁለት። የግድ የወደደው ቦታ መሆን የለበትም። ያናደደው ይሁን፣ ያልገባው ይሁን፣ እናቱ ብታየው የሚያፍርበት ይሁን። ጮክ ብሎ ያንብብ። ከዚያ እዚያ ቦታ ላይ ለምን እንደቆመ ይናገር። በቃ።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም፤ ሲሠራ አይቼ ነው። አምና ክረምት እንደ እናንተ ያሉ ልጆች ጠሩኝ። ፒያሳ አካባቢ፣ ከጓሮ ያለች የኪራይ ክፍል ናት። ስምንት ልጅ፣ አንድ አልጋ፣ ሁለት ዱካ፣ የቀረው ምንጣፍ ላይ። መጽሐፉ የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፤ ለስምንት ሰው አንድ ቅጂ። ጀርባው ተገንጥሎ በጥቁር ክር ተሰፍቷል፣ ክሩ ያልያዛቸው ገጾች ደግሞ በላስቲክ ታስረዋል። የሚያነበው ሰው በተቀየረ ቁጥር ላስቲኩ ይፈታል፣ ገጹ ይቆጠራል፣ ላስቲኩ ይታሰራል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እየተጯጯኽን ነው የምናወራው።

አንድ ቀጭን ልጅ ነበር፣ እስከዚያ ሰዓት አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ተራው ሲደርስ ስለ በዛብህ ስለት የሚያወራውን ቦታ ገለጠ። ላላነበባችሁት፦ በዛብህ የስለት ልጅ ነው። ወላጆቹ ቢያድግላቸው ለእግዚአብሔር ሊሰጡት ተስለዋል፤ ስለዚህ ትዳር አይፈቀድለትም። ኋላ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ፣ ሰብለ ወንጌልን፣ እንዲያስተምር ይቀጠርና ይወዳታል። መከራው ከዚያ ይጀምራል። ልጁ እየተደናቀፈ አነበበ። ጨረሰና መጽሐፉን ሳይዘጋ ጣቱን መሐሉ ላይ እንዳደረገ «እኔም የስለት ልጅ ነኝ፤ የኔ ስለት ግን ለሆስፒታል ነው» አለ።

ማንም አልሳቀም። ጎንደር ያደገ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ዩኒቨርሲቲያችን የጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው የተጀመረው። እዚህ ከተማ ውስጥ ልጇን ለነጭ ጋውን ያልተሳለች እናት ካለች ቤቷን አሳዩኝ። የዚህ ልጅ እናት ገና አራስ ቤት ሳለች ነው አሉ «ዶክተር አደርገዋለሁ» ያለችው። እሱ ደግሞ ከደብተሩ ጀርባ እስከ በሩ ድረስ የሚሞላው በሥዕል ነው። «እናቴ ተሳለች፣ እኔ እሥላለሁ» አለ። ቅኔ ልቁጠር ብሎ አልነበረም፣ ወጣለት እንጂ።

ከዚያ በኋላ ያቺን ክፍል ማን ዝም ያሰኛት! አንዷ «ወላጆቹ ምን አጠፉ? ልጅ እንዳይሞትባቸው የፈሩ ሰዎች ናቸው» ብላ ተነሳች። ሌላው «ፍርሃታቸውን እነሱ ይክፈሉት፣ ለምን እሱ ይከፍላል?» አለ። አንዱ ስለት የሚፈርሰው እንዴት እንደሆነ ቄስ አያቱን ጠይቄ እመጣለሁ ብሎ ቃል ገባ። የቤቱ እናት መጥተው «ጀበናው ሁለቴ ቀዘቀዘ እኮ» እስኪሉ ድረስ መምሸቱን ያየ የለም። ይህ ሁሉ የመጣው ከአንድ ገጽ ነው። ልጁ «አሪፍ መጽሐፍ ነው፣ ስለ ፍቅርና ስለ ድሮ ሥርዓት ነው» ብሎ ቢሆን ኖሮ በጊዜ ቡና ጠጥተን እንበተን ነበር።

አንዱ ከተናገረ በኋላ ዝምታው ከመጣ ደግሞ «አንድም» በሉ። ይሄ የራሳችን ቤት እቃ ነው። የቤተ ክርስቲያን የመጽሐፍ መምህራን ቅዱሳት መጻሕፍትን ሲተረጉሙ አንዱን ትርጉም ይናገሩና «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ፣ ደግሞ «አንድም» ይላሉ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሰርዘውም፣ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ የተለየውም እዚሁ ጎንደር ነው። መምህር ኤስድሮስ የሚባሉ ሊቅ የነበረውን ትርጓሜ መርምረው አሻሻሉ፤ የእሳቸውን የተቀበለው ታች ቤት፣ በቀድሞው የጸናው ላይ ቤት ተባለ። እንግዲህ በአንድ መጽሐፍ ሁለት ቤት መሆን ለዚህ ከተማ ብርቅ አይደለም። ሰባት ልጆች ሰባት «አንድም» ካላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት አትበቃችሁም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ቡና ይቀርባል ብለሻል። ከቡናው ጋር ምን ይቀርባል? ይህን የምጠይቅሽ ሆዳም ስለሆንኩ አይደለም። እኛ ሀገር እንግዳ ባዶ አፉን አይሸኝም። መጀመሪያ ቆሎ ነው፣ ቀጥሎ ዳቦ ይሆናል፣ ቀጥሎ የአንዱ እናት ዶሮ ልሥራ ትላለች። ተራው የሚደርስበት ልጅ ቤት ዶሮ ከሌለ ምን ያደርጋል? ይቀራል። የቀሩት ሁለት ልጆች መጽሐፉ ሰልችቷቸው ላይሆን ይችላል። ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው። ከዛሬ ጀምሮ ቆሎ ብቻ ብላችሁ ወስኑ፣ አለዚያ የፋሲል መዋኛ ግቢ ዛፎች ጥላ ስር ተገናኙ፤ እዚያ ማንም ቤተኛ ማንም እንግዳ አይሆንም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ይሄን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሦስት ጊዜ ጀመርኩት፣ ሦስቴም ስልሳ ገጽ አካባቢ ቆምኩ። ሰለቸኝ። አጎቴ «ይህን መጽሐፍ ያልወደደ አማርኛ አያውቅም» ይላሉ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ በሰፈራችን ወጣቶች ውይይት የተመረጠው እሱ ነው፣ አጎቴም ተጋብዘዋል። ምን ልበል? ልዋሽ?
የሰለቸው፣ ከአዘዞ

መልስ፦ አትዋሽ። ግን «ሰለቸኝ» ብለህ አፍህን አትዝጋ፤ እሱ የወሬው መጀመሪያ ነው። የቱ ጋ ሰለቸህ? የሰው ብዛት ነው? የአነጋገሩ ርዝመት ነው? ሰዎቹ ስለ ዘርና ስለ ማዕረግ ሲያወሩ ነው? ለይተህ ስትመጣ ስልቹ ሳትሆን አንባቢ ትባላለህ።

አጎትህንም ተረዳቸው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው፣ ስንቱ ሰው መጽሐፉን በዓይኑ ሳያይ በጆሮው ጨረሰው። እኔ ራሴ መጀመሪያ የሰማሁት ከጎረቤት ሬዲዮ ነው፣ ልብስ እያጠብኩ፣ ትረካው ሲጀምር እጄ ከሳፋው ውስጥ ተረስቶ። አጎትህ ገጹን ሲገልጡ ድምፅ ይሰማቸዋል። አንተ ያለህ ወረቀቱ ብቻ ነው። ትረካውን ፈልገህ አንድ ምዕራፍ ያህል አድምጥና ወደ ንባቡ ተመለስ። ካልሆነም ዝለል! ጉዱ ካሣ የሚናገርበት ቦታ ሂድና ከዚያ ጀምር። መጽሐፍ እንደ ዳዊት ከዳር እስከ ዳር ካልተደገመ የሚል ሕግ የለም።

ጉዱ ካሣ ካልኩ አይቀር፣ ደብዳቤህን ሳነብ ፈገግ ያስባለኝን ልንገርህ። ካሣን «ጉዱ» ያሉት ለምንድን ነው? ሰው ሁሉ ልክ ነው ያለውን «ልክ አይደለም» ስላለ፣ ያሰበውን ሳይደብቅ ስለተናገረ ነው። አንተ አሁን የምትፈራው ምንድን ነው? ያሰብከውን ብናገር ጉድ ይሉኛል ብለህ። እሱ ያለበትን መጽሐፍ ወደድኩት ብሎ መዋሸት ጉዱ ካሣን ራሱን መካድ ነው። ይህን ለአጎትህ ብትነግራቸው ወይ ይስቃሉ ወይ ይቆጣሉ፣ ሁለቱም ከዝምታ ይሻላል።

አነጋገርህን ግን አሳምር። «አሰልቺ መጽሐፍ ነው» ብለህ አትነሳባቸው። «እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ደከመኝ፤ እርስዎን የያዘዎት የቱ ጋ ነው?» በላቸው። አጎትህን ካወቅኳቸው (አላውቃቸውም፣ ግን አጎቶችን አውቃለሁ) ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት አንተ አትናገርም።

ጥያቄ፦ ወ/ሮ ዓምደኛ፣ ልጆቻችን እንዳያጠኑ ልቦለድ ታስለምጃለሽ። ልጄ ማትሪክ ሊፈተን ስድስት ወር ቀርቶት ሌሊት በባትሪ ልቦለድ ሲያነብ ያዝኩት። ሥራ ፈት ሰው ሥራ ያስፈታል ይባላል፣ እውነት ነው።
የተናደዱ አባት

መልስ፦ ጌታዬ፣ ስድብዎን ተቀብያለሁ። የሌሊቱን ነገር እደግፍዎታለሁ፤ ዓይኑም ይደክማል፣ ጠዋት ክፍል ውስጥም ያንቀላፋል። ለፈተናው ሰዓት ይመድቡለት። ግን ልጅዎ ሌሊት ተደብቆ ያደረገው ነገር ማንበብ መሆኑን ለጎረቤት ቢያወሩት የሚቀኑብዎ አባቶች አሉ። አንድ ነገር ልለምንዎ። «ለምን ታነባለህ?» ብለውታል። አንድ ቀን እራት ላይ «ምን ላይ ደረስክ?» ይበሉት። ያን ቀን ምን እንዳለዎት ከጻፉልኝ፣ ሌላ ስድብም ጨምረው ቢልኩ ቅር አይለኝም።

ጥያቄ፦ «ኦሮማይ»ን ለጓደኛዬ ካዋስኩት ዓመት ሊሞላ ነው። የጠየቅኩት ቀን ሁሉ «ሦስት ገጽ ነው የቀረኝ» ይለኛል። ምን ላድርገው?
የተበላች፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ሦስት ገጽ በዓመት! እህቴ፣ የምትኖሪው መጽሐፍ ተወስዶባት ባልተመለሰላት ከተማ ነው። አፄ ቴዎድሮስ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናትን መጻሕፍት ወደ መቅደላ አጓዙ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ዘረፋውን በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭነው ወረዱ። ከዚያ የተወሰዱ ብዙ የብራና መጻሕፍት እስከ ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ጓደኛሽ ቢያንስ ዝሆን የለውም። ቤቱ ሂጂ፣ ሦስቱን ገጽ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ያንብብ፣ አንቺም ቡናሽን ጠጪ፣ ከዚያ ይዘሽው ውጪ።

ደግሞ ይህን መጽሐፍ እንዴት ሳትሰስቺ አዋስሽው? በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ሲያሳትመው ወዲያው ከገበያ ተሰብስቧል፣ ደራሲው ከሥራ ተባሯል፣ በዓመቱ ደግሞ ከቤቱ እንደወጣ ቀርቷል። ያኔ እጅ ላይ የቀረችውን ቅጂ ሰው በድብቅ ነበር የሚዋዋሳት። ይህን ለልጁ ንገሪው። ለሚቀጥለው መጽሐፍ ደግሞ ደብተር አውጪና የተዋሰውን አስፈርሚ፤ ሼም የለውም።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ መግዛት አልቻልንም፣ ዋጋው ጣሪያ ነክቷል። ግሩፓችን ውስጥ አንዱ ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ በቴሌግራም ይልካል። ነውር ነው?
ኪሱ የሳሳ

መልስ፦ ኪስህን አውቀዋለሁ፣ የኔም እሱን ይመስላል። ግን አዎ፣ ነውር ነው፣ በሕጉም አይፈቀድም። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ የደራሲውን መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። «የቆየ መጽሐፍ ነው» የሚለው አያድንህም። ሀዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፣ ቁጠረው። ከግሩፓችሁ አዋጥታችሁ አንድ ግዙ። ያቺ በክር የተሰፋችው ቅጂ ለስምንት ሰው በቅታለች። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋርም ተወዳጁ፤ አንብባችሁ መልሳችሁ ስትሸጡላቸው ዋጋ ይቀንሳሉ።

ጥያቄ፦ ጎንደር ያለችበት ልቦለድ ጠቁሚኝ። ሁሉም አዲስ አበባ ነው።
የናፈቀው

መልስ፦ ብርሃኑ ዘሪሁን የጎንደር ልጅ ነው፣ ጋዜጠኛም ነበር። «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን ፈልግ። ትንሽ መጽሐፍ ናት፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር አጭር ነው፣ አንተን ታሯሩጥሃለች። አንብበህ ስትጨርስ ግን «አሪፍ ነው» ብለህ እንዳትጽፍልኝ!

የመጨረሻው ደብዳቤ ይሄ ነው። ጥያቄ አይመስልም፤ እንዳለ ነው የማወጣው።

«እትዬ፣ እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፄ ይጠፋል። ስለዚህ የማንም ግሩፕ ውስጥ የለሁም። ግን ስለ ሰብለ ወንጌል የምለው አለኝ። ሁሉም ሰው ስለ ፍቅሯ ያለቅሳል። እኔ የቆምኩት ከዚያ በፊት ነው። አባቷ የመጣውን አጭ ሁሉ በዘር አይመጥነንም እያሉ ሲመልሱ፣ እሷ ጓዳ ውስጥ ዕድሜዋ ያልፋል። አንድ ሰው «አንቺስ?» አላላትም። ቤታችን ውስጥ አክስቴ አለች፣ አርባ ዓመት አልፏታል። እሷንም «አንቺስ?» ብለናት እንደምናውቅ ለማስታወስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። ትናንት ማታ ሽንኩርት እየከተፈች ልጠይቃት ብዬ አጠገቧ ቆምኩ። «ምነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ይህን ብናገር ይስቁብኛል ወይ? — ድምፅ የሌላት፣ ከማራኪ»

መልስ፦ የሚስቅ የለም። ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት፣ ማድቤት ውስጥ፣ ብቻዬን። መናገር ካልቻልሽ ጽፈሽ ያዢ፣ ሌላ ሰው ያንብብልሽ። ልክ እንደዚህ አድርገሽ፣ አንድም ቃል ሳትጨምሪ።

ደግሞ ከማራኪ ነሽ። በዚህ ዓምድ አናት ላይ ያለችው ልጅም ከማራኪ ናት፣ ሁለት ሰው ጎድሎባታል። ስልክሽን ልስጣት? እሺ ካልሽ ጻፊልኝ። አክስትሽንም ከጠየቅሻት።